ቬንትሌተሩ ጉልበቱን ከየት ያምጣ?

ነዳጅ በተወደደ ቁጥር የጭነት መኪና ባለቤቶች ዓይን ከራዲያተሩ ጀርባ ወዳለው ቬንትሌተር ይዞራል። ሲያገሳ ከሩቅ ይሰማል፣ በቺንጋ ከሞተሩ ጉልበት ይቀማል፣ በብርድም በሃሩርም አብሮ ይዞራል። በአንጻሩ የቤት አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ፋን ሲያስፈልግ ተነስቶ፣ ሲበቃው ያርፋል። “ታዲያ የእኔም መኪና እንደዚያ ቢሆንልኝስ?” የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ የፒክአፕ ወዳጆች ዘንድ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። በእኛም ጋራዦች ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፋን ገዝቶ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በአንድ ቃል “አይሆንም” ተብሎ መዘጋት የለበትም። እኔ የደረስኩበት ግን ይህ ነው፦ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ የናፍጣ መኪና፣ የራሱ ክላች በደንብ የሚሠራለት ሜካኒካል ቬንትሌተር ዛሬም የተሻለው መፍትሔ ነው። የኤሌክትሪክ ፋኖች መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። ችግሩ የሚዞሩበት ጉልበት በዚያ መኪና ላይ አለመኖሩ ነው።

ከሙቀቱ እንነሳ። በአገራችን መንገድ በብዛት የሚታየውን ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖ ትራክ እንውሰድ። 371 የፈረስ ጉልበት ወደ 273 ኪሎ ዋት ነው። ጥሩ የናፍጣ ሞተር በሙሉ ጭነት ላይ ከሚያቃጥለው ነዳጅ 40 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ 273 ኪሎ ዋት ለማውጣት የ680 ኪሎ ዋት ያህል ነዳጅ ያነዳል። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ትልቅ ድርሻ በጭስ ማውጫው፣ የነዳጁ ሩብ ያህል ደግሞ በውሃው በኩል ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ያ ሩብ 170 ኪሎ ዋት ነው። ኢንተርኩለሩ የሚያወጣው ሙቀት በዚህ ላይ ይጨመራል።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚወጣው አየር ብቻ ነው። አየሩ ራዲያተሩን ሲያልፍ በ35 ዲግሪ ይሞቃል ብንል፣ በየሰከንዱ 5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ማለፍ አለበት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ ከ4 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል። ደጀን አናት ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ክብደት 5 ሜትር ኩብ ተኩል ቦታ ይይዛል። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ ከፍታ ላይ ጉልበቱን ብዙም ስለማይቀንስ ሙቀቱም አይቀንስም። ስለዚህ የደጋ ሰው “እዚህ ብርድ ነው፣ ማቀዝቀዣ አያሳስብም” ሲል ግማሹን እውነት ብቻ ነው የያዘው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ቀጭን ነው። ሌላም አለ፦ አዲስ አበባ ላይ ክዳን በሌለው ራዲያተር ውስጥ ያለ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ላስቲኩ ካረጀ፣ ሞተሩ ጤነኛ በሆነበት ሙቀት ላይ እንኳ ውሃው መፍላት ይጀምራል።

አሁን ያንን አየር ማን ይስበው? ሙሉ ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ከወንዙ ዳር፣ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለው ቦታ ተነስቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሞተሩ ያን ሁሉ መንገድ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር፣ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የሚሠራው። በዚያ ፍጥነት ከፊት የሚገባው ነፋስ የሚፈለገውን አየር ጥቂቱን ብቻ ይሸፍናል። ነፋሱ ከመኪናው ኋላ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ምንም አይተርፍም። ቀሪውን ሁሉ የሚስበው ቬንትሌተሩ ነው። በኢንተርኩለርና በራዲያተር ጥቅጥቅ ክንፎች መካከል ያን ያህል አየር ለመሳብ የቬንትሌተሩ ዘንግ ከ13 ኪሎ ዋት ያላነሰ ጉልበት እንደሚፈልግ ከግፊቱና ከአየሩ መጠን ማስላት ይቻላል። በአሜሪካ ለሚሄዱ ትላልቅ ተሳቢዎች በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፤ ሙሉ በሙሉ የተያያዘ ቬንትሌተር ከ30 እስከ 60 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል።

ያ 13 ኪሎ ዋት ከኤሌክትሪክ ይምጣ እንበል። የፋኑ ሞተር ከሚቀበለው ኤሌክትሪክ 80 በመቶውን ወደ ዙር ቢለውጥ፣ 16 ኪሎ ዋት መግባት አለበት። በ28 ቮልት 580 አምፔር ያህል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ላይ የሚገኘው አልተርኔተር፣ ጋራዦቻችን ዲናሞ የሚሉት፣ 55 ወይም 70 አምፔር አካባቢ ነው፤ ከ2 ኪሎ ዋት አይበልጥም። መብራቱንና ባትሪውንም የሚመግበው እሱ ነው። ክፍተቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ ይህን ደግሞ አልተርኔተሩን ትንሽ በማሳደግ መሙላት አይቻልም።

ሌላም ስሌት አለ፣ ብዙዎች የሚዘነጉት። ኤሌክትሪክ በነፃ አይገኝም። አልተርኔተሩም በቺንጋ ከዚያው ሞተር ነው የሚጎትተው፤ የተለመደው ዓይነት ከወሰደው ጉልበት 60 በመቶ አካባቢውን ብቻ ነው ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚመልሰው። ስለዚህ በቀጥታ በቺንጋ 13 ኪሎ ዋት የሚወስደው ያው ቬንትሌተር፣ በኤሌክትሪክ መንገድ ሲዞር ከሞተሩ ወደ 27 ኪሎ ዋት ይወስዳል። አንዱን ሥራ ለመሥራት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የኤሌክትሪክ ፋን ጥቅም ያለው አየር በማያስፈልግበት ሰዓት መቆም በመቻሉ ነው። ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ግን ከሜካኒካሉ የበለጠ ይበላል።

“የገዛሁት ፋን በሰዓት ይህን ያህል ሺህ ሜትር ኩብ አየር ይስባል ተብሎ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል” የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የተለካው ፋኑ ከፊቱ ምንም ሳይከለክለው ነው። ራዲያተር፣ ኢንተርኩለርና የኤር ኮንዲሽነር ኮንደንሰር ተደራርበው ሲቆሙ ፋኑ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ የሚያልፈው አየርም ከተጻፈው በእጅጉ ይቀንሳል። ጥሩ የሚባለው ባለ 16 ኢንች ብራሽ አልባ ፋን እንኳ በነፃ አየር በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ተቃውሞ ሲገጥመው ከ0.6 ብዙም ላያልፍ ይችላል። 5 ሜትር ኩብ ተኩል ለማግኘት ስንት ፋን እንደሚያስፈልግና ራዲያተሩ ፊት ለስንቱ ቦታ እንዳለ አንባቢው ራሱ ያስላው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሕግ ቀላል ነው። የቬንትሌተር ዙር በእጥፍ ሲጨምር የሚስበው አየር በእጥፍ፣ ግፊቱ በአራት እጥፍ፣ የሚወስደው ጉልበት ግን በስምንት እጥፍ ይጨምራል። ሜካኒካሉ ቬንትሌተር ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር በዳገት፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር በሚጮህበት ሰዓት፣ ኃይሉ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ጊዜ ደግሞ ይደክማል። ኤሌክትሪኩ ፋን በተቃራኒው መኪናው ቆሞም ሙሉ አየር ይሰጣል፤ በዳገት ግን ከዚያው ዙር አያልፍም። በትራፊክ ተጨናንቆ ለሚቆም የቤንዚን አውቶሞቢል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ሥራ ፈትቶ ሲቆም የሚያመነጨው ሙቀት እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቆመበት ይበርዳል እንጂ አይሞቅም። ኤሌክትሪኩ ብልጫ ያሳየበት ሰዓት ናፍጣ አየር የማይፈልግበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚጠቅመው ኤር ኮንዲሽነሩን ብቻ ነው።

በሁለቱ መካከል የቆመውና ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘልለው የቬንትሌተሩ ክላች ነው። ከክራንኩ ጋር በቀጥታ ታስሮ ሁልጊዜ የሚዞር ቬንትሌተር በእርግጥ ነዳጅ ይበላል፤ ያንን በኤሌክትሪክ የተካ ሰው ትርፍ አገኘሁ ቢል አልጠራጠርም። ነገር ግን ኢንዱስትሪው ያንን ችግር ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ መንገድ ፈትቶታል። አንደኛው መንገድ የሲሊኮን ዘይት ክላች ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው የሁለት ብረት ጥምዝ ስፕሪንግ ከራዲያተሩ የሚወጣው አየር ሲሞቅ ይከፈትና ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ቬንትሌተሩን ይይዘዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ሌላው በፍሬን አየር የሚሠራው ክላች ነው፤ በሚኒሶታ ያለው ሆርተን በዚህ ዓይነቱ ስሙ የታወቀ አምራች ነው። በአሜሪካ ይህ ክላች በስፋት የተሠራጨው በ1973 እ.ኤ.አ. ነዳጅ ከተወደደ በኋላ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ለአዳዲስ መካከለኛና ከባድ መኪኖች የድምፅ ጣሪያ 83 ዴሲቤል ላይ ማድረጉም ገፋፍቶታል፤ ከመኪናው ድምፅ ትልቅ ድርሻ የነበረው ቬንትሌተሩ ነበርና። ከዚያ ወዲያ በሜዳ የሚጓዝ ከባድ መኪና ቬንትሌተሩ ከጉዞው ጊዜ ከአሥር አንዱ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ብቻ ነው ተያይዞ የሚሠራው።

ይህ ከሆነ ኤሌክትሪክ ሊያስቀረው የሚችለው ትርፍ ጣሪያው የት ነው? ክላቹ ለቆ ሳለ እንኳ በዘይቱ መጎተት 1 ወይም 2 ኪሎ ዋት ይወስዳል። መኪናው በሜዳ 100 ኪሎ ዋት እያወጣ የሚጓዝ ከሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ለውጥ ሊገኝ የሚችለው ቁጠባ ከ2 በመቶ አያልፍም፤ ፋኖቹ በተነሱ ቁጥር ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። የጎማ ነፋስ በትክክል መሙላት ብቻውን ከዚህ ጋር የሚፎካከር ቁጠባ ያመጣል፤ የሚያስፈልገውም ኮምፕረሰርና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር “ቬንትሌተሩን በኤሌክትሪክ ልቀይር” የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሌላ ሕመም እንደሆነ አምናለሁ፤ መኪናው ይፈላል፣ ወይም ክላቹ ተበላሽቶ ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ ያገሳል። የሲሊኮን ክላች ሲሞት በሁለት መንገድ ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ ፊቱ ላይ ጥቁር ቅባት ይታያል፣ ቬንትሌተሩም በሚፈለግበት ሰዓት ይለግማል፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፉት ያለ ምንም መቋቋም የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቱ አልቋል። ከተጣበቀ ደግሞ በሌሊት ብርድም ያገሳል። ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲቸገሩ ክላቹን በብሎን ያስሩታል፤ በብዙ ከባድ መኪኖች ክላች ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የአደጋ ጊዜ መቆለፊያ አለ። ወደ ቤት ለመድረስ ይህ ብልህነት ነው። ክፋቱ ለአንድ ቀን የታሰረው ለዓመታት ታስሮ መቅረቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው የሚበላው ነዳጅ በሜካኒካሉ ቬንትሌተር ይሳበባል።

ከዚህ የከፋው ቴርሞስታት ማውጣት ነው። “ውሃው በነፃ ይዘዋወር” ተብሎ በየጋራዡ ይወጣል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍትና በአቋራጭ ወደ ፖምፓ የሚመልሰውን ይዘጋል። አውጥቶ የጣለው ሰው አቋራጩን ለዘላለም ከፍቶታል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። በዳገት መኪናው የበለጠ ይፈላል፣ በሜዳና በቁልቁለት ደግሞ ከሚገባው በታች ይበርዳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። ይህን ሳስብ እቆጫለሁ፤ ርካሽ የሆነች ዕቃ በመውጣቷ ስንት ቴስታታ ተጣሟል፣ ስንት ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ቆሻሻውም አለ። ከሚሌ እስከ ጋላፊ ያለው አቧራ ከሞተሩ ዘይት ትነት ጋር ተለውሶ በኢንተርኩለሩና በራዲያተሩ መካከል ይጋገራል። ከፊት ሲታይ ራዲያተሩ ንጹሕ ነው፤ ቆሻሻው ያለው ከኋላ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱን አላቅቆ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ያስፈልጋል። የቬንትሌተሩ መከለያ ተሰብሮ የተጣለበት መኪናም ብዙ ነው፤ መከለያ የሌለው ቬንትሌተር በራዲያተሩ በኩል አዲስ አየር መሳቡን ትቶ በጫፎቹ ዙሪያ የሞተሩን ሙቅ አየር ያመላልሳል። እነዚህን ሳያስተካክል ፋን የሚገዛ ሰው ችግሩን ይዞ ነው የሚሸጋገረው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ኤሌክትሪክ ፋን ቦታው የሆነባቸውን መኪኖች መካድ ፍትሕ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳምነኝ የከተማ አውቶቡስ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ወደ ጎን ስለሆነ ቬንትሌተርን ከክራንኩ ጋር በቀጥታ ማያያዝ አይመችም፤ አምራቾች ለብዙ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚዞር ሃይድሮሊክ ቬንትሌተር ሲገጥሙ ኖረዋል። ያ ሥርዓት ጉልበት ያባክናል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ከጋለ ሞተር ጎን የሚፈስ ዘይት ደግሞ እሳት ያስነሳል። በሚሺጋን ኤስካናባ ያለው ኢ ኤም ፒ የተባለ ኩባንያ ለአውቶቡሶች በርካታ ብራሽ አልባ ፋኖችን በሳንቃ ላይ ደርድሮ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሥርዓት አቀረበ፤ የአሜሪካ ከተሞች በስፋት ተቀበሉት። ልብ በሉ፣ ከፋኖቹ ጋር አብሮ የመጣው ከ400 አምፔር በላይ የሚያመነጭ ትልቅ ባለ 28 ቮልት አልተርኔተር ነው። ፋኖቹን ወደ ኋላ አዙሮ አቧራ ማራገፍም ይቻላል። አውቶቡስ ደግሞ ዳገት ላይ ለሰዓታት የሚታገል መኪና አይደለም። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነው የሠራው።

ቀጥሎ ቀላሉ ፒክአፕ ይመጣል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከሚንስ ናፍጣ ሞተር በተገጠመላቸው የዶጅ ፒክአፖች ላይ ብዙ አሜሪካውያን የሊንከንና የፎርድ ቶረስ ትልልቅ ፋኖችን፣ ወይም ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ጥንድ ፋኖችን ገጥመዋል። ባዶ ሲነዱ ይበቃቸዋል፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይቀላል። ከባድ ተጎታች ይዘው ከዴንቨር ወደ አይዘንሃወር ዋሻ፣ ወደ 3,400 ሜትር፣ በበጋ ቀን ሲወጡ ግን የሙቀት ጌጁ ይነሳል። በዴንቨር አካባቢ በጭነት ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ያንን ዳገት ያውቁታል፤ ከዓባይ በረሃ የሚለየው በብርዱና በመንገዱ ስፋት ነው እንጂ ለራዲያተሩ ሥራው ያው ነው።

ወንዝ የሚሻገር መኪና ሌላው ነው። ሜካኒካል ቬንትሌተር ውሃ ውስጥ ሲዞር ክንፉ ወደ ፊት ይታጠፍና ራዲያተሩን ሊቀደው ይችላል፤ ኤሌክትሪኩን በማብሪያ ማጥፋት ይቻላል። በመስክ ለሚሠራ ላንድ ክሩዘር ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

እንዲህ ባለ ቀላል መኪና ላይ የሚገጥም ሰው ፋኑን ከራዲያተሩ ኋላ፣ ሳቢ አድርጎ፣ ሙሉውን ራዲያተር በሚሸፍን መከለያ ውስጥ ያስቀምጠው። ከፊት ሆኖ የሚገፋው ዓይነት ነፋሱንም ይከልላል። ሽቦው ወፍራም ይሁን፤ በ12 ቮልት መስመር ላይ 1 ቮልት ብቻ መንገድ ላይ ቢቀር የፋኑ ዙር ወደ 8 በመቶ፣ ግፊቱም ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ፋኑ ሲነሳ ከሥራ ጊዜው ሁለትና ሦስት እጥፍ አምፔር ስለሚስብ ሪሌውና ፊውዙ ያንን የሚችሉ ይሁኑ፤ ሁለት ፋን ካለ አንዱ ከሌላው ዘግይቶ እንዲነሳ ቢደረግ ይሻላል። ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ስለሚችል እጅ ከመስደድ በፊት ባትሪው ይነቀል። በ24 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት ፋን ከአንደኛው ባትሪ ብቻ መሳብ እጅግ ጎጂ ነው፤ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ በወራት ውስጥ ሁለቱም ይሞታሉ። ሁለት ባለ 12 ቮልት ፋኖችን በተከታታይ ማሰርም አንዱ ሲቃጠል ሁለቱንም ያቆማል። ባለ 24 ቮልት ፋን መግዛት ወይም ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ መግጠም ነው የሚሻለው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሲበላሽ የሚሆነው ነው። ከአየር ክላቾች መካከል አየሩ ሲጠፋ በስፕሪንግ ተቆልፎ የሚቀር ዓይነት አለ፤ የሲሊኮኑንም በብሎን ማሰር ይቻላል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ቢባክንበትም ዳገቱን ይወጣል። ኤሌክትሪክ ፋን ግን ሲበላሽ ይቆማል። ፊውዝ ተቃጠለ፣ ሪሌ ተበላሸ፣ ሽቦ ላላ፣ ሴንሰር ዋሸ፤ ውጤቱ አንድ ነው፣ አየር የለም። ስለዚህ ከፋኑ ጋር ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ ድምፅ፣ በእጅ የሚያበራ ማብሪያና ትክክለኛ የሙቀት ጌጅ አብረው መግባት አለባቸው። የተፈታው ሜካኒካል ቬንትሌተርም ከነክላቹ መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ እንጂ አይሸጥ።

ባለ 48 ቮልት ሥርዓት በከባድ መኪኖች ላይ እየተሞከረ ነው፤ የአልተርኔተሩም ብክነት እየቀነሰ ይሄዳል። በባትሪ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ የሚያዞር ክራንክ ስለሌለ ፋኑ ከመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው፤ በመቶዎች ቮልት የሚሠራ ትልቅ ባትሪ ከጀርባው አለና 16 ኪሎ ዋት አያስጨንቀውም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚወራው ወሬ ወደ ጭነቱም ደርሷል። መንገዱ ላይ ያለው ሲኖ ትራክና አይሱዙ ግን ገና ለብዙ ዓመታት በናፍጣ ዳገት ይወጣል።

ለዚያ መኪና ባለቤት፣ አሁንም ልቡ ወደ ፋን ካደላ፣ አንድ ነገር እመክራለሁ። መጀመሪያ ራዲያተሩን አላቅቆ ያጥብ፣ ቴርሞስታቱን ይመልስ፣ ክዳኑን ይቀይር፣ ክላቹን ያስመርምር። ከዚያ ሙሉ ጭነት ይዞ በሚያውቀው ረጅም ዳገት ላይ በቀን ሙቀት ይውጣና የጌጁን ንባብ፣ ክላቹ የያዘበትንና የለቀቀበትን ቦታ ይጻፍ። ፋኑን ከገጠመ በኋላም በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ በተቀራራቢ ሰዓት ይድገመው። ባዶ መኪና ይዞ ከቃሊቲ እስከ ደብረ ዘይት ነድቶ “ሠርቷል” ማለት ስለ ዓባይ በረሃ ምንም አይነግረውም።